ሱፍ

ቅዳሜ ማለዳ ልጆቹን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የታኅሣሥ ብርድ አይጣል ነው፤ የባለቤቴ አክስት ግቢ ስንደርስ ጥላ ውስጥ ያለውን ሣር ገና ውርጩ አልለቀቀውም።

እትዬ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የበግ ጸጉር ይፈትላሉ። ትውልዳቸው መንዝ ነው፤ ለባና የሚሆን ጸጉር ያለው በግ አገር።

"ምንድነው እሱ?" አለኝ ትንሹ።

"ሱፍ ነው።"

"ሱፍማ የአባዬ የሰርግ ልብስ ነው!"

ላስረዳው ሞከርኩ። አልተዋጠለትም።

ትልቋ ግን እንዝርቱን እያየች ቀረች። እትዬ ከተነደፈው ጸጉር ቆንጠር አድርገው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሾሩት፤ ከጣታቸው መሃል ክር ይወርዳል። "እንቺ" አሏት። ሦስቴ ተበጠሰባት። በአራተኛው ክንድ የማትሞላ ክር ወጣች፤ እዚህ ጋ ጣት ታክላለች፣ እዚያ ጋ የሸረሪት ድር ናት። "አትጎትቺው ልጄ፣ ራሱ ይምጣልሽ" ይሏታል። እጇን አሸተተችና "ቅባት ቅባት ይላል" አለች። እውነቷን ነው፤ የእጅ ቅባት ውስጥ የሚገባው ላኖሊን ከዚሁ ከበግ ሱፍ ነው የሚወጣው።

ከዚያ እንዝርቱ ለእኔ ተሰጠ። እናቴ ጥጥ ስትፈትል ነው ያደግኩት። አጠገቧ ስቀመጥ "አንቺ ጥናትሽን አጥኚ" ትለኝ ነበር፤ እኔም ደስ እያለኝ እነሳለሁ። የኔ ክር ከልጄ ባሰ። እትዬ አይተው እንዳላየ ዝም አሉ። እሱ ነው የከበደኝ።

ለምሳ፣ ጾም ስለሆነ፣ ሱፍ ፍትፍት ቀረበ። ትንሹ ስሙን ሲሰማ እጁን ከመሶቡ ሰበሰበ። "ከበጉ ነው?" እትዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከሰዓት የጎረቤት ልጅ ፈረስ ይዞ መጣ። የኛ ጀግና እንጦጦ ፓርክ ላይ አንዴ ስለተቀመጠ ፈረሰኛ የሆነ መስሎታል። ኮርቻው ላይ ሲወጣ ግን ድምፁ ጠፋ፤ ጋማውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። አባቱ ሊያደፋፍረው ስለ ነገሥታቱ የፈረስ ስም አወራለት፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው።

"የዚህስ ስም ማነው?"

"ዳማ ነው የምንለው" አለ ባለፈረሱ።

ትንሹ ጎንበስ ብሎ ከኮርቻው ሥር የተነጠፈውን ያረጀ ባና በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። "ይሄስ ሱፍ ነው?"

"ነው።"

"የትኛው?"

"የበጉ።"

"በቃ፣ ስሙ ሱፍ ይሁን። እኔ አባ ሱፍ ነኝ!"

ዛሬ ሰኞ ነው። በሌላ ስም ስንጠራው አቤት አይልም።