ካርጋ፣ ካርጎ

ማድሪድ፣ ማክሰኞ ማታ

ዛሬ እትዬን አስቀየምኳቸው። ከጽዳት ሥራቸው ከተቀነሱ ቆዩ፤ የሥራ አጥ ክፍያቸውም አለቀ። ለድጎማው ሊያመለክቱ ስለፈለጉ ላስተረጉም አብሬያቸው ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ «ቲየኔ ካርጋስ ፋሚሊያሬስ?» አለቻቸው። እኔም ቸኩዬ «የቤተሰብ ሸክም አለብዎት ወይ?» አልኩ።

ዞረው አዩኝ። «ልጆቼን ነው ሸክም የምትዪኝ?»

ሠራተኛዋ መልስ ትጠብቃለች። እኔ ምላሴ ተያዘ። «ሁለት ልጆች አሉኝ በያት» አሉ ቀስ ብለው። እስክንለያይ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

በስፓኒሽ ካርጋ በእርግጥም ሸክም ነው። ሥሩ በላቲን ሠረገላ ነው፤ ሠረገላ ላይ መጫን ማለት ነው። እዚህ አዛውንቶች ሲታመሙ «ለልጆቼ ካርጋ መሆን አልፈልግም» ይላሉ። ቅጹን ወደ ቤት ይዤው ስመጣ ግን የተጻፈበት ሌላ ቃል ነው፦ «ሬስፖንሳቢሊዳዴስ ፋሚሊያሬስ»፣ የቤተሰብ ኃላፊነት። ሕጉ ከ26 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚቆጥረው በዚህ ስም ነው፤ ካርጋስ የሰዉ አፍ የለመደው ነው። ሬስፖንሳቢሊዳድ የመጣው መልስ ከመስጠት ነው። እኛም «ተጠያቂ» እንላለን። እኛ ነገሩን በጥያቄው በኩል ያዝነው፣ እነሱ በመልሱ በኩል። ይህ ቃል ለእትዬ ይገባቸዋል፤ ልጆቹ ሲጠሩ «አቤት» የሚሉት እሳቸው ብቻ ናቸውና።

ደግሞ ካርጎ አለ። እኛ ካርጎ ሲባል የሚመጣብን የአውሮፕላን ጭነት ነው፤ ቃሉ ከስፓኒሽ ተነስቶ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ነው የደረሰን። በስፓኒሽ ግን ካርጎ ሹመት ነው፣ የሥራ ኃላፊነት። አንዲት እናት «ኢሆስ አ ሚ ካርጎ» ካለች ልጆቼ በእኔ እጅ ናቸው ማለቷ ነው። ከካርጋ ጋር ከአንድ ሥር ነው የወጡት፤ የሚለያቸው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት። ሠራተኛዋ ይህኛውን ብትመርጥ ኖሮ እኔም አልሳሳትም ነበር ብዬ ላመካኝ ፈለግሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ኑሮ እንደከበዳቸው አውቃለሁ፤ ከበደኝ ማለት ያለባቸው ግን ራሳቸው ናቸው። እኔ በመስኮት ፊት ልልላቸው አይገባም ነበር።

ትክክለኛው የአማርኛ አባባል የመጣልኝ አሁን ነው፤ አገር ቤት ሳለሁ ስንት ጊዜ የሰማሁት። «የሚያስተዳድሩት ቤተሰብ አለ?»

ዓርብ የልጆቹን የልደት ማስረጃ ይዘን እንመለሳለን። ከዚያ በፊት ነገ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ።