ከግቢ ለማትወጣ አሮጌ መኪና ኢንሹራንስ

በዓመት ከአሥር ቀን በላይ አስፋልት የማትረግጥ ቮልስ፣ ፊያት 600 ወይም የድሮ ላንድሮቨር ያላችሁ የጎንደር ሰዎች፣ የኢንሹራንሱን ፎርም ለቪትዝ እንደምትሞሉት አትሙሉት። በየቀኑ የምትሠራ መኪና ዋና ስጋቷ ግጭት ነው። የቆመችውን የሚያሰጋት ሌላ ነው፤ እሳት፣ የዕቃ ስርቆት፣ የሚናድ አጥር። ከሁሉም የሚብሰው ግን ፖሊሲው (የመድን ውሉ) ላይ የሰፈረው ዋጋ ነው።

ስለ ሦስተኛ ወገን ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መንገድ ላይ ለሚነዳ ተሽከርካሪ ሁሉ ግዴታ አድርጎታል። «የእኔ ቆማ ነው» ብሎ ማቋረጥ ትርፍ የለውም፤ ለቦሎ ምርመራም ሆነ ለጋራዥ አንድ ቀን መውጣቷ አይቀርም፣ ሰው የሚገጨውም በዚያ ቀን ሊሆን ይችላል። ግን መስታወቱ ላይ ያለው ስቲከር ለራሳችሁ መኪና አንድ ብር እንደማይከፍል እወቁ። የሚከፍለው ለተጎዳው ሰውና ለንብረቱ ብቻ ነው።

ለራሷ ለመኪናዋ ሁለት መንገድ አለ። እሳትና ስርቆት ብቻ፣ ወይም ሙሉ ሽፋን። እሳትና ስርቆት ዓረቦኑ ርካሽ ስለሆነ ለቆመች መኪና የተሰፋ ይመስላል። ነገር ግን ሐምሌ ላይ የድንጋይ አጥር ርሶ ቢናድባት፣ ወይም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጣሪያዋን ቢደረምሰው፣ እሱ እሳትም ስርቆትም አይደለም። ከአጥር ሥር ወይም ከዛፍ ሥር የምትቆም ከሆነ ሙሉ ሽፋን ግቡ፤ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት በውስጡ መኖሩን ደግሞ ለይታችሁ ጠይቁ። ለሦስት ወር ብቻ ልግባ የሚል አለ፤ የአጭር ጊዜ ዓረቦን በወር ተካፍሎ የሚሰላ አይደለም፣ የሦስት ወሩ ከዓመቱ ሩብ በላይ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። የተለመደው ፖሊሲ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ብትወድም የሚከፍለው መድን የተገባበትን ዋጋ ወይም በአደጋው ቀን የነበራትን የገበያ ዋጋ ነው፤ ከሁለቱ ዝቅ ያለውን። ለኮሮላ ይሄ ችግር የለውም፣ ዋጋዋን ማንም ደላላ ያውቀዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ለተሠራች ቮልስ ግን ገማቹ የሚያወዳድርበት መኪና ስለሌለው የተሠራችበትን ዓመት አይቶ እርጅና ይቀንሳል። ስለዚህ ዓረቦን ከመክፈላችሁ በፊት «ዋጋው በሁለታችን ስምምነት የተወሰነ ነው» የሚል ተጨማሪ ጽሑፍ ከፖሊሲው ጋር እንዲያያዝ ጠይቁ። ሁሉም ቦታ እሺ አይባልም። እሺ የሚያሰኘው ማስረጃ ነው፤ ሀያ ያህል ፎቶ (አራቱ ማዕዘን፣ ሥሯ፣ ሞተሯ፣ ወንበሮቿ፣ ኪሎ ሜትሩ የሚነበብ ዳሽቦርድ)፣ የላሜራና የቀለም ሥራ ደረሰኝ፣ መለዋወጫዋ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ የሚያሳይ ከሁለት ቦታ የመጣ ፕሮፎርማ። የመድን ድርጅቱ ባለሙያ መጥቶ አይቷት የሁኔታ መግለጫ ከፈረመ ደግሞ እሱን የሚያክል የለም።

ዓረቦን ለመቀነስ ብሎ ዋጋ ማሳነስ ደግሞ ሌላው ወጥመድ ነው። 800,000 ብር የምታወጣን መኪና በ400,000 ብር ብታስገቧትና በሯና ፓራውልቷ ተጎድቶ ጥገናው 100,000 ብር ቢመጣ፣ ግማሽ ዋጋ ስላስገባችሁ የሚከፈላችሁ 50,000 ነው። ከሱም ላይ ኤክሰሱ (ከራሳችሁ ኪስ የምትሸፍኑት ድርሻ) ይቀነሳል። ውሉ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመደረጉ በፊት በተጻፈው ዋጋ እየታደሰ የመጣ ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክሉት፤ ያኔ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፣ መለዋወጫውም አብሮት ሄዷል። አዲስ ዕቃ ሲገጠም የእርጅና ቅናሽ ስንት በመቶ እንደሚያዝባችሁ፣ ዕቃው አገር ውስጥ ካልተገኘ ደግሞ ዋጋው በምን እንደሚሰላ በጽሑፍ ይመለስላችሁ።

አሮጌ መኪና ላይ ካሳ የሚያጓትተው ብዙ ጊዜ የሞተር ቁጥር ነው። ቮልስ ሞተሯ በአራት ብሎን ስለሚወርድ በዕድሜዋ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀየሩ የተለመደ ነው፤ ሊብሬው ላይ ግን የመጀመሪያው ቁጥር ይቀራል። የሻንሲ ቁጥሩን የኋላውን መቀመጫ አንስታችሁ መሃል ላይ ባለው የብረት ቦይ ላይ፣ የሞተሩን ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ታገኙታላችሁ። በቤንዚን የረጠበ ጨርቅ ጠርጉት፤ ቤንዚኑ ሲደርቅ የስልኩን መብራት ከጎን አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱት። ካልተገጣጠመ መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ሊብሬው ይስተካከል፣ ከዚያ ፖሊሲው።

እዚያው መቀመጫውን ካነሣችሁ ባትሪውን እዩት፤ ቮልስ ባትሪዋ የኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ቁመቱ ረዘም ያለ ባትሪ ተገጥሞ ሰው ሲቀመጥበት የመቀመጫው ሽቦ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል፣ የመቀመጫው ሙሊትም ይያያዛል። ጫፎቹን በወፍራም ጎማ ሸፍኑ፤ ከሳምንት በላይ የምትቆም ከሆነ ነጌቲቩን ፍቱት። ሁለተኛው የእሳት ምንጭ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ነው። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ የቤንዚን ፓምፑ ደግሞ ብልጭታውን ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቡተሩ አጠገብ ነው። ካርቡራቶሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባትን አጭር የናስ ቱቦ በጣታችሁ ወዝወዝ አድርጓት፣ ከተንቀሳቀሰች ሞተሩን አታስነሡ፤ አንድ ቀን ተነቅላ ቤንዚኑን ብልጭታ ላይ ታፈሳለች። የጎማ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፣ በየጫፉ ማሰሪያ ይግባበት፣ የቀየራችሁበትን ደረሰኝ ፖሊሲው ጋር አኑሩት። የጥገና ጉድለት ነው ተብሎ ክርክር ሲነሣ መልሱ እሱ ነው። የአንድ ኪሎ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ከሾፌሩ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይታሰር።

ጥር ሲመጣ የሰርግ ጥያቄ ይመጣል። ሙሽሮችን ይዞ ወደ ጎሃ ሆቴል መውጣት፣ ፋሲል ግንብ አጠገብ ፎቶ መነሣት። ለዘመድ በነፃ ከሆነ እሺ፤ ገንዘብ ከተቀበላችሁ ግን ኮድ 2 መኪና ለግል አገልግሎት የተገባ መድኗን ጥሳ ኪራይ እየሠራች ነው፣ አደጋ ቢደርስም ለራሷ ለመኪናዋ አይከፈልም። ከሰርጉ በፊት ቀኑን ጠቅሳችሁ ተጨማሪ ውል አሠሩ፣ ሾፌሩም መንጃ ፈቃዱ የታደሰ ይሁን።

ጦርነትና የእርስ በርስ ግጭት የሚያደርሰውን ጉዳት መደበኛው ፖሊሲ አይነካም። ለሁከትና ለሽብር ለብቻው የሚሸጥ የፖለቲካ ሁከት ሽፋን አለ። እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው እሱን ሳይጠይቅ መፈረም ትልቅ ስሕተት ነው፤ የትኛውን ጉዳት እንደሚጨምርና እንደማይጨምር ቃል በቃል አስነብቡ።

አደጋ ከደረሰ የመድኑ ባለሙያ ሳያያት ምንም አታስነኩ፣ የተሰበረውንም ዕቃ አትጣሉ። ሙሉ ካሳ ከተከፈለ በኋላ ቀሪው አካል የመድን ድርጅቱ ነው። ለቪትዝ ይሄ ምንም አይደለም። ለቮልስ ግን በሮቿ፣ መስታወቶቿና ኮፈኗ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኙ ስለሆኑ ቀሪውን አካል ራሳችሁ መግዛት እንደምትፈልጉ፣ ከካሳውም ላይ ስንት እንደሚቀነስ የካሳ ስምምነቱን ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩ።