በሩ ጮኸ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ

ኮሌጃችን ላይብረሪውን አድሶ ጨረሰ። ግቢው ከአምባሳደር ብዙም አይርቅም፤ እኛ ግን ለማጥናት ወደ አራት ኪሎ ነበር የምንሮጠው። አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የኛው ላይብረሪ የፍቅረኛሞች መቀጣጠሪያ ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

አሁን ማስታወቂያው ግድግዳውን ሞልቶታል። የቡድን ጥናት ክፍል አለ። በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል የውጭ ጆርናል በነፃ ማንበብ ይቻላል፣ ዋይፋዩ ከፈቀደ። የግቢው ወሬ ግን በሩ ነው፤ ያልተመዘገበ መጽሐፍ ይዘህ ስትወጣ የሚጮህ በር። በሩን ያልወደዱት ጥበቃው ጋሼ ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቦርሳ ሲፈትሹ ኖረው፣ "እኔን ሊተካ የመጣ ብረት" ይሉታል።

የምረቃው ቀን ሪባን ተቆረጠ፣ ቡና ተፈላ። እኔ ፈተና ስላለብኝ ጥግ ይዤ አነባለሁ። ዲኑ በሩ አጠገብ ቆመው ንግግር ያደርጋሉ። "ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ላይብረሪ አንዲት ቅጠል ወረቀት አትጠፋም!" ጭብጨባ። ንግግሩ ደግሞ ማለቂያ የለውም፣ ራበኝ። መውጫው አንድ ብቻ ስለሆነ ጎንበስ ብዬ ሹልክ አልኩ።

በሩ ጮኸ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ የክብር እንግዳው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሌላውም ተከተለ። ለማሳያ የተዘጋጀሁ ሌባ መስያቸዋለሁ! ዲኑም አላስተባበሉም። "እንዳያችሁት ይሠራል" ብለው ንግግራቸውን ቀጠሉ። ካሜራ የያዘችው ልጅ ጭራሽ "እስቲ ድገመው፣ አልቀረጽኩትም" አለችኝ።

ጋሼ ግን ማሳያ አልመሰላቸውም። "ና ወዲህ የኔ ልጅ።"

ቦርሳዬ ጠረጴዛ ላይ ተራገፈ። ጃንጥላ ወጣ። ምሳ ዕቃዬ ወጣ፤ ክዳኑ ላልቶ ሽሮው ፌስታሉን አልፎ የቻርጀሬን ገመድ ለውሶታል። ከሥሩ አንድ ወፍራም የአካውንቲንግ መጽሐፍ ወጣ። ብሔራዊ አካባቢ ከመጽሐፍ አዟሪ ላይ ተከራክሬ የገዛሁት ነው። ጋሼ ገለጥ ሲያደርጉት ማኅተም አለበት። ማኅተሙ "ላይብረሪ" ይላል።

"ይኸው! ራሱ ጽፎታል!"

"ጋሼ፣ እሱ እኮ የአሜሪካ ላይብረሪ ነው።"

"አሜሪካ ድረስ ሄደህ ነው የሰረቅከው?"

ነገሩን ያባሰው ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው፤ 657። ሜልቪል ዱዊ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣውን አመዳደብ የሚከተል ላይብረሪ ሁሉ አካውንቲንግን እዚያ ቁጥር ላይ ያስቀምጣል። የኛም እንደዚያው። ላይብረሪያኗ 657 መደርደሪያ ሄደው ሲያዩ አንድ መጽሐፍ የሚያህል ክፍተት አለ። ጋሼ ቀበቷቸውን ጠበቅ አደረጉ። ያንን መጽሐፍ ያነሳው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ ባገኘው ግን አልምረውም።

ደግነቱ ላይብረሪያኗ ሥራቸውን ያውቃሉ። የኮሌጁ ማኅተም እንደሌለበት አዩ። ከዚያ መጽሐፉን መሃሉ ላይ ከፍተው፣ ገጾቹ የተጣበቁበትን ስንጥቅ በጥፍራቸው ፈልቀቅ አደረጉት። ውስጡ የብረት ክር የመሰለች ቀጭን ነገር ተጋድማለች። በሩን የምታስጮኸው እሷ ናት። መጽሐፍ ስትዋስ በመሣሪያ ያስተኟታል፣ ስትመልስ ይቀሰቅሷታል። አሜሪካኖቹ መጽሐፉን ሲያስወግዱ "ተወግዷል" የሚል ማኅተም መትተዋል፤ ክሯን ግን አላስተኟትም። ዓይኗ እንደፈጠጠ ነው ውቅያኖስ የተሻገረችው።

"በቃ አሁን ያስተኙልኛ" አልኳቸው።

ላይብረሪያኗ ወደ እንግዶቹ ሰረቅ አድርገው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የሚያስተኛው መሣሪያ እኮ ገና ጉምሩክ ነው።"

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጣጣው ታወቀ። መጽሐፍ በወጉ አስመዝግቦ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ በሩን ያስጮኸዋል። ሊሸኙ የነበሩት ጋሼ ወንበር ተጨመረላቸው፣ ደብተርም ተሰጣቸው። በሩ በጮኸ ቁጥር ብድግ ብለው መታወቂያና መጽሐፍ ያመሳክራሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። እኔን ግን አይፈትሹኝም። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "አሜሪካ! እለፍ፣ ሽሮህን ብቻ ክደን" ይሉኛል።