ከክላሰሩ ምን ይውጣ?

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ሥዕል ልትማር ነው። ገና አልገባችም፤ የተግባር ፈተናውና ቃለ መጠይቁ ይጠብቋታል። የምታመለክተው ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም የመሠረቱት፣ በ1950 ዓ.ም. በይፋ የተከፈተውና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ነው። እኔ ደሴ ውስጥ ልጆችን ሥዕል አስተምራለሁ። ስለዚህ እናቷ ደውላ «ይሄ ያንተ ሥራ ነው» አለችኝ። ልጅቷም ለፈታኞች የምታሳያቸውን ሥዕሎች የያዘ ክላሰሯን ይዛ ከኮምቦልቻ መጣች።

ክላሰሩ ውስጥ ዘፋኞች አሉ። ኳስ ተጫዋቾች አሉ። አንድ አንበሳና እንባ ያቀረረ ዓይንም አለ። ሁሉም ከስልክ ላይ በግሪድ፣ ማለትም ፎቶውንም ወረቀቱንም በካሬ መስመሮች ከፋፍሎ፣ የተገለበጡ ናቸው። ሼዲንጓ (ጥላ አጣጣሏ) ንጹሕ ነው፣ እጇም ጎበዝ ነው፤ ይህን በደንብ ነግሬያታለሁ። ቀጥዬ ግን «ከነዚህ አንዱን መርጠሽ አስቀሪ፣ ሌላው ይውጣ» አልኳት። ፊቷ ጥቁር አለ።

መገልበጥ ነውር አይደለም። ብዙዎቻችን የጀመርነው በሱ ነው። ነገር ግን ፎቶ ስትገለብጪ ከባዱን ሥራ ካሜራው ጨርሶልሻል። የቱ ይቅረብ፣ የቱ ይራቅ፣ ምን ይቆረጥ የሚለው ሁሉ ተወስኖ ነው የሚደርስሽ። ፈታኞች ማየት የሚፈልጉት ደግሞ እሱን አንቺ ስትወስኚ ነው። ፈተናው ላይ አንድ ዕቃ ከፊትሽ ቢቀመጥ ግሪድ የምታሰምሪበት ስልክ አይኖርም።

«ታዲያ ምን ልሳል ጋሼ?»

«እቤት ያለውን።»

በጀበና ጀመርን። ጀበና ቀላል ይመስላል። እስቲ ቁጭ ብላችሁ ሞክሩት። አፉ ክብ ነው፤ ከጎን ስታዩት ግን ሞላላ ይሆናል። ቆማችሁ ስታዩት ሞላላው ይሰፋል፣ ወለል ላይ ስትቀመጡ ወደ መስመር ይጠጋል። ሆዱ ላይ ያለው ጥላም እስከ ጫፉ እየጠቆረ አይሄድም። ከረከቦቱ የሚመለስ ብርሃን ስላለ ጫፉ ጋ ትንሽ ይፈካል። ልጅቷ ይህቺን ፍካት ራሷ ስታገኛት «ውይ!» አለች። ለእኔ ከአንበሳው ይልቅ ይህቺ ትበልጣለች። ያንኑ ጀበና ከላይ፣ ከጎን፣ መስኮት አጠገብ እያስቀመጠች ሳለችው። ሙከራዎቹ ያሉበትን የስኬች ደብተር እንዳለ ትወስደዋለች። የተሰረዘውም የጠመመውም ይታይ፤ ሰው እንዴት እንደሚያስብ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሐረጎ መጣ። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል የሚመላለስ ሰው ያንን ዳገት እንቅልፍ ላይ ሆኖ ነው የሚያልፈው። መስኮት አጠገብ ተቀመጪና ተራሮቹን እዪ አልኳት። ቅርቡ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ያለው ይገረጣል፣ መጨረሻው ከሰማዩ አይለይም። ቤት ስትገባ ለቅርቡ በጣም የሚጠቁረውን 6ቢ እርሳስ፣ ለመሀሉ ከሱ የሚፈካውን 2ቢ፣ ለሩቁ ከሁለቱም የሚፈካውን ኤችቢ በስሱ ተጠቀመች። ፐርስፔክቲቭን (ርቀትን ወረቀት ላይ ማሳየትን) በመስመር ብቻ ለተማረ ልጅ ርቀት በጥቁረትና በንጣት እንደሚሳል ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ሥራዎቹን ፎቶ ያነሣነው ደግሞ ጭጋግ በዋለበት ቀን ነው። ደሴ በጭጋጓ ትታማለች፤ ለዚህ ሥራ ግን በረከት ናት። በፀሐይ የተነሣ የእርሳስ ሥዕል ያብረቀርቃል፣ የራስህ ጥላም ይወድቅበታል። ጭጋግ ብርሃኑን እኩል ያደርገዋል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ስልኩን ከመሀሉ ትይዩ ያዙት፣ ፍላሹን አጥፉ። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር ርዕሱ፣ የተሠራበት ቁስ፣ መጠኑና ዓመቱ ይጻፍ። አንድ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በፍላሽም በኢሜይልም ያዙ።

የከሰል ሥራ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጠቅልላችሁ አትውሰዱት፤ መንገድ ላይ ተፋፍቆ ያልቃል። በየመሀሉ ስስ ወረቀት አድርጉና ዘርግታችሁ ያዙት። ከሰሉ እንዳይረግፍ የሚነፋበት ማጽኛ ካልተገኘ የፀጉር ስፕሬይ ክንድ ያህል ርቃችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ በስሱ ንፉበት። ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ስለሚያቢጫጨው በጣም ለምትወዱት ሥራ ግን አልመክርም።

ብዛቱን በተመለከተ ትምህርት ቤቱ ቁጥር ካላስቀመጠ ከ10 እስከ 15 ይበቃል ባይ ነኝ። ጠንካራው መጀመሪያ ይግባ፣ ሌላው ጠንካራ መጨረሻ። «ይሄ ደካማ ነው ግን ብዙ ለፍቼበታለሁ» የሚባለው ይውጣ።

ቃለ መጠይቁን ቤት ውስጥ ተለማመድን። እኔ ፈታኝ ሆንኩ። «ለምን ሥዕል መረጥሽ?» ስላት «ከልጅነቴ ጀምሮ ፍላጎቴ ስለሆነ» ብላ በቃሏ የያዘችውን ወረደችው። ውሸት አይደለም፤ ግን ሁሉም የሚለው ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ትቼ አንድ ሥራ አወጣሁ። እናቴ ጥጥ ስትፈትል የሳለቻት ናት። አንዱ እጅ እንዝርቱን ይዞ አልቋል፣ ሌላው ጣቶቹ በመስመር ብቻ ቀርተዋል።

«ይሄኛውን ለምን ሳትጨርሺው ቀረሽ?»

«እማማ ለዙህር ሰላት ተነሡ። ሲመለሱ ብርሃኑ ዞሯል፤ እጃቸውም እንደ ቅድሙ አልተቀመጠም። ከራሴ ፈጥሬ መጨረስ አልፈለግኩም።»

«በቃ፣ እንደዚህ ነው የምትመልሺው» አልኳት። ከሥራው የተነሣ መልስ አይጠፋም፤ ብትደነግጪም ወረቀቱ ያስታውስሻል። «የማን ሥራ ትወጃለሽ?» ለሚለውም ስልክ ላይ ያየሽውን ስም ከመደርደር በዓይንሽ ያየሽው አንድ ሥዕል ይሻላል። ስለዚህ ከፈተናው አንድ ቀን ቀድማ አዲስ አበባ ትገባና ብሔራዊ ሙዚየም ፎቅ ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች ታያለች። ደብተሯን ይዛ ነው የምትገባው፤ እዚያም ትስላለች።

የእጆቹን ሥዕል እናቷ «ያላለቀ ሥራ ይዘሽ ልትቀርቢ?» ብላ ተቆጥታለች። እኔና ልጅቷ ግን ተስማምተን ሁለተኛ ገጽ ላይ አስገብተነዋል።