ሦስተኛው ሲሊንደር

ቮልሴን የገዛኋት ድምፅዋን ሰምቼ ነው። ያ ከኋላ የሚመጣ ትርትርታ፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ናት፣ ሞተሯ ባለ 1300 ሲሲ። ቀለሟ ደብዝዟል፣ የመስታወቶቿ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ግን ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ተነሳች። እኔም ሌላ ነገር ማየት አላስፈለገኝም።

መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ያህል ደህና ትሄዳለች። ከዚያ ዳገት ስታገኝ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ማርሽ ብቀንስም መንቀጥቀጥ ትጀምራለች፣ ቆሜ ትንሽ ሳሳርፋት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትሆናለች። ካርቡራቶሩን አጠብኩ። ካንዴላ ቀየርኩ። የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን ፑንቲና አስተካከልኩ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፣ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካሁ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ተቀራራቢ ናቸው። ሦስተኛው የእነሱን ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው። የቤንዚኑን ቱቦ፣ የነዳጅ ፔዳሉን ገመድ፣ የማሞቂያውን ገመዶችና ጥቂት ሽቦዎችን ከፈታችሁ በኋላ ሞተሩን በክሪክ ደግፎ ወደ ኋላ መሳብና ማውረድ ነው። ቫልቮቹ ያሉበትን የሲሊንደር ራስ፣ ቴስታታውን፣ ስፈታ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ ላይ ተቃጥሎ የጥፍር ያህል ቦታ ተበልቷል። ጣቴን ሳሳልፍበት ይቧጥጣል። እሳቱ በዚያች ቀዳዳ ነበር የሚያመልጠው።

ለምን ሦስተኛው? ይሄ ጥያቄ ነው መኪናዋን ያስተማረኝ። የቮልስ ሞተር ውሃ የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) በዚያው ዘንግ ላይ ያለውን ቬንትሌተር ያዞራል፣ ቬንትሌተሩ አየሩን በላሜራ ቤቱ ውስጥ አድርጎ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገፋል። (ለዚህ ነው ቀዩ የዲናሞ መብራት እየነዳችሁ ከበራ ወዲያው መቆም ያለባችሁ። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ የጠፋው ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም፣ ማቀዝቀዣውም ጠፍቷል።) በኔዋ ዘመን ሞዴሎች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው በዚያ ላሜራ ቤት ውስጥ፣ በሦስተኛው ሲሊንደር በኩል ነው። ስለዚህ ሦስተኛው የሚደርሰው አየር በዘይቱ የሞቀ አየር ነው። ፋብሪካው ራሱ ያውቀው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ላይ የዘይት ማቀዝቀዣውን ከዋናው የአየር መንገድ አውጥቶ የራሱ መተላለፊያ ሰራለት።

ግን ይሄ ብቻውን ቫልቭ አያቃጥልም። ብዙ ቮልሶች በዚሁ አሰራር ዕድሜ ልካቸውን ሄደዋል። የኔዋን የገደላት ሌላ ነው። ሞተሩ ከወረደ በኋላ የሞተር ክፍሉን ዙሪያ ሳይ ማሸጊያ ጎማው የለም። በሞተሩና በማርሚታው (በጭስ ማፈኛው) መካከል መኖር ያለበት የኋላ ላሜራም የለም። የነገሩኝ እንደሆነ ከእኔ በፊት የሰራት ጋራዥ ነው ያወጣቸው፣ «ሞተሩ በደንብ እንዲተነፍስ» ተብሎ።

ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ላሜራው እዚያ የተቀመጠው ላዩን ቀዝቃዛ፣ ታቹን ሙቅ አድርጎ ለመለየት ነው። እሱ ሲነሳ ማርሚታው ያሞቀው አየር ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቬንትሌተሩም ያንኑ ሙቅ አየር ስቦ እንደገና ሞተሩ ላይ ይነፋዋል። ለማቀዝቀዝ ተብሎ የተሰራው ስራ ሞተሩን ጠበሰው። ያወጣው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፣ ግን ላሜራው እዚያ ለምን እንዳለ ለአንድ ደቂቃ አልጠየቀም።

አሮጌ መኪና መለወጥን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ከፋብሪካ እንደወጣች ካልሆነች አትነካ የሚሉ አሉ፣ አከብራቸዋለሁ፣ ግን ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች መኪና ናት፣ የመጨረሻዋም ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ፋብሪካው ራሱ በዚያ ሁሉ ዘመን ሲለውጣት ነው የኖረው። የኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ የምታወጡት ነገር ምን ይሰራ እንደነበር ታውቃላችሁ ወይ? ካወቃችሁ ለውጡ። ካላወቃችሁ መፍቻውን አስቀምጡና መጀመሪያ እወቁ።

በዚህ ሚዛን ነው የኔን ለውጦች የመረጥኩት።

መጀመሪያ ፍሬን። የ1966ቷ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነው፣ የፍሬን ዘይቱም በአንድ መስመር ነው የሚሄደው። አንዲት ቱቦ ካፈሰሰች አራቱም ጎማ ፍሬን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ የሁለት መስመር ፖምፓ አስገባሁ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ዲስክ። እዚህ ላይ አላመነታሁም። ኦሪጅናል የሚባል ነገር ከሰው ሕይወት አይበልጥም። (አሮጌ የፍሬን ሸራ የምትፈቱ ሰዎች፣ አቧራውን በአየር እንዳትነፉት። የድሮው ሸራ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ይኖርበታል። አርጥቡትና ጥረጉት፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።)

ከዚያ ኤሌክትሪኩ። የኔዋ ባለ 6 ቮልት ነበረች። ለአንድ አይነት ጉልበት 6 ቮልት ከ12ቱ እጥፍ ከረንት ይፈልጋል፣ ትንሽ የዛገ መጋጠሚያ ሁሉ መብራቱን ይበላዋል። ማታ መንገዱ ሻማ የተበራበት ይመስል ነበር። ወደ 12 ስቀይር ባትሪውን፣ ዲናሞውን፣ ሬጉላተሩን፣ ቦቢናውን፣ አምፖሎቹን በሙሉ ቀየርኩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የድሮው ነው፣ አጭር አጭር እያደረግኩ እስካስነሳት ድረስ ችሎታል።

ያልነካሁት ይበዛል። ዝቅ አላደረግኳትም፣ ሰፋፊ ቸርኬ አላስገባሁም። ሞተሩንም አላሳደግኩትም። ወደ 1600 መውሰድ ይቻላል፣ ብዙዎች ያደርጉታል፣ ጥሩም ነው። ግን ያን ቀን መኪናዬ የሚያስፈልጋት ተጨማሪ ጉልበት ሳይሆን የተወሰደባት ላሜራ ነበር። ያወጣሁትን ሁሉ ደግሞ ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ስም ጽፌበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከእኔ በኋላ የሚይዛት ሰው ሐሳቤን ካልወደደው መመለስ መቻል አለበት።

ስለ ዝገቱ ካላወራሁ ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜዬን የበላው እሱ ነው። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው። ወንበሩን አንስቼ ምንጣፉን ስገልጠው ወለሉ ደህና ይመስላል፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። በካቻቢቴ ነካ አደረግኩት። ካቻቢቴው እንደ ካርቶን በስቶት ገባ፣ በቀዳዳው መሬቱ ታየኝ። ከስር ስቱኮና ቀለም እንጂ ብረት አልነበረም። ወለሉ በአዲስ ላሜራ ይተካል፣ ያ ቀላሉ ነው። ከባዱ በሮቹ ስር በግራና በቀኝ የሚሄደው ሳጥን ነው። ሙቅ አየር ከሞተሩ ወደ ፊት የሚሄድበት መንገድ ነው፣ በዚያውም የአካሉ ወገብ ነው። እሱን ከመቁረጣችሁ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ዘንግ ወጥራችሁ በይዱት። ካልሆነ አካሉ ይጎብጣል፣ በሩም ከዚያ በኋላ በትክክል አይዘጋም። ይሄንን የነገረኝ የሰራልኝ ባትላሜራ ነው፣ እኔ ልቆርጥ መጋዝ ይዤ ቆሜ ሳለ። ሦስት ቀን ሙሉ በሩን እየከፈተ እየዘጋ፣ ትንሽ እየበየደ፣ እንደገና እየለካ ሰራ። እንዲህ አይነት ትዕግስት ያለው ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

አሁን ሞተሩ ተሰርቶ ገብቷል። ቴስታታው አዲስ ቫልቭና መቀመጫ አግኝቷል፣ የሞተር ክፍሉ ዙሪያ ማሸጊያ ጎማ አለው፣ የኋላ ላሜራውም ቦታው ተመልሷል። የዘይት ፊልትሮ ስለሌላት፣ ያላት ወንፊት ብቻ ስለሆነ፣ 2.5 ሊትር ዘይቷን ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ።

እና ቫልቭ እለካለሁ። ይሄ ከሁሉም የምወደው ስራ ነው። ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ። የቫልቮቹ ክዳን የተያዘው በአንድ ወፍራም ሽቦ ነው፣ በካቻቢቴ ወደ ታች ስገፋው ቀጭ ብሎ ይለቃል። የአንደኛውን ሲሊንደር ፒስቶን ላይኛው ጫፍ ላይ አቁሜ እለካለሁ፣ ከዚያ ሞተሩን በእጄ ግማሽ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ እያዞርኩ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛው። በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭኗን መለኪያ ሳስገባት መግባት አለባት፣ ግን ስስባት ትንሽ መያዝ አለባት፣ ቅቤ ውስጥ እንዳለፈች ዓይነት። ላላ ካለች 13 ቁጥር መፍቻ በአንድ እጅ፣ ካቻቢቴ በሌላው፣ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ እንዳይዞር ይዞ ማጥበቅ።

ላላ ያለ ቫልቭ ይንጫጫል፣ ራሱ ይናገራል። ጠብቆ የሚሄድ ቫልቭ ግን ዝም ነው የሚለው። በተለይ የሦስተኛው የጭስ ማውጫ በየጊዜው ክፍተቱ እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ እየተለጠጠ ወይ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ነው ማለት ነው፣ ሳይበጠስ ማውረድ ይሻላል። ለዚህ ነው እያንዳንዱን ልኬት ቀን ጽፌ ደብተር ላይ የምይዘው።

ባለፈው እሁድ ያችን ዳገት ወጣኋት። በሦስተኛ ማርሽ፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ መስኮቱን ከፍቼ ድምፅዋን እየሰማሁ። ማታ አሳደርኳትና ጠዋት ክዳኑን ከፈትኩ። ሦስተኛው ሲሊንደር፣ የጭስ ማውጫ፣ 0.15። ጻፍኩት። ቀጥሎ የፊት መስታወቱ ጎማ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ አሁንም እግሬ ላይ ያንጠባጥባል።