የኮሽሙ ዋኔዎች፦ ሁለተኛው ጎጆ

ባለፈው የነገርኳችሁ የዋኔ (ርግብ መሰሏ ወፍ) ጎጆ ጠፍቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሌላችሁ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

ሱሉልታ ያለው ግቢያችን በኮሽም የታጠረ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ እዚያ ውስጥ ዋኔ ጎጆ ሠራች። ጎጆ ስላችሁ ብዙ እንዳትጠብቁ። ጭራሮ በጭራሮ ላይ ጣል ጣል ተደርጎ ነው፤ ከሥር ቀና ካላችሁ ሁለቱ ነጫጭ እንቁላሎች በቀዳዳው ይታያሉ። በስልኬ ስቀርጻቸው ግን ቅጠልና እሾህ ብቻ ነበር የሚታየው። አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ምስሉ ጥርት አለ። በማግስቱ ጠዋት ቁራ ከአጥሩ ላይ ሲነሳ አየሁ። ሮጬ ስደርስ ጎጆው ባዶ ነው። ለካ እኔን የጋረደኝ ቅርንጫፍ ቁራውንም ጋርዶት ኖሯል። ሳምንት ሙሉ ካሜራ መንካት አስጠላኝ።

ጥቅምት ላይ ከማድ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ሌላ ጎጆ ተጀመረ። አሁን መቀስ የሚባል ነገር አልነካሁም። አሮጌ ስልኬን በትራይፖድ ከመስኮቱ ውስጥ አቆምኩ። መጋረጃውን ሌንሱ እንዲያይ ያህል ብቻ ገለጥኩ። ፍላሽ የለ፣ ድምፅ የለ። ግማሹ ምስል ቅጠል ነው፤ ይሁን።

ወንድና ሴቷ በመልክ አይለዩም። ሁለቱም ጠቆር ያሉ፣ አንገታቸው ጎንና ጎን ጥቁር ምልክት ያለባቸው ናቸው። እኔን የረዳኝ የአንደኛዋ ጭራ ላባ መጉደሉ ነው። ጭራ ጎዶሎዋ ማታ ትገባለች፤ ጠዋትም የማገኛት እሷኑ ነው። 3 ሰዓት ገደማ ሌላው ይመጣል። ወዲያው አይገባም፤ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያያል። እሷ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምዳ ከጎጆው ከራቀች በኋላ ነው የምትበረው። እሱ እንቁላሎቹን በደረቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ይተኛባቸዋል፤ እስከ 10 ሰዓት ንቅንቅ የለም። በዋኔና በርግብ ዘንድ ብዙ ጊዜ ቀኑ የወንዱ፣ ሌሊቱ የሴቷ ነው።

በ14ኛው ቀን ተፈለፈሉ። ያልጠበቅኩት አመጋገባቸውን ነው። ትል የሚያመጣ የለም። ጫጩቱ ምንቃሩን ወላጁ አፍ ውስጥ ይከትና ከጉሮሮው ከረጢት የሚወጣውን እርጎ መሰል ነገር ይጠጣል። ይህን ሁለቱም ወላጆች ያመነጩታል። ቪዲዮውን ለጎረቤታችን ሳሳያቸው፣ «ውይ ልጄ፣ አባትየውም ያጠባል?» አሉና አስደግመው አዩት። እኔም ስንቴ እንዳየሁት!

ዛሬ 9 ቀናቸው ነው። ላባቸው ገና እንደ እሾህ ቆሟል። ድመታችንን ቤት ዘግቼባታለሁ። አጥሩን ሊከረክም የመጣውን ሰው ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ተመለስ ብዬዋለሁ።