ግራናቲዬሪ ዲ ሳቮያ እና የ1931 ፋሲካ

ባለፈው ወር ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ ጣርማበር ላይ ጉም ዋጠን። ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ ዋሻው ውስጥ ቀስ ብሎ ሲገባ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ "ጣልያን ይህን ባይሠራልን ኖሮ እኮ..." ብሎ ጀመረ። ወሬውን የዚህ መንገድ ተሳፋሪ ሁሉ ያውቀዋል። መልስ አልሰጠሁትም፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ፣ ቤት ስገባም በዚህ ዋሻ ያለፈው ሶላቶ ማን ማን ነበር እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ።

እኛ ሁሉንም "ጠላት" ወይም "ጣልያን" ብለን እንጨርሰዋለን። እነሱ ጋ ግን እያንዳንዱ ክፍለ ጦር ቁጥርና ስም አለው። እኔን የያዘኝ 65ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ግራናቲዬሪ ዲ ሳቮያ የሚባለው ነው። ግራናታ የእጅ ቦምብ ነው፤ ሳቮያ ደግሞ የንጉሣቸው ቤተሰብ ስም። የግራናቲዬሪ ወታደሮች ዘራቸውን የሚቆጥሩት በ1659 ዓመተ ምሕረት (በፈረንጅ) ከተቋቋመ የንጉሣውያን ዘብ ነው። ረጃጅም ሰዎች ተመርጠው ይገቡበት ነበር። በአጭሩ የጣልያን ጦር የሚኮራባቸው ልጆች ናቸው።

ክፍለ ጦሩ የተቋቋመው አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ፣ በ1929 መጀመሪያ ላይ ነው። 10ኛና 11ኛ የሚባሉ ሁለት የግራናቲዬሪ ሬጅመንቶች ነበሩት፤ መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። (ደብረ ሊባኖስን የፈጀው የጄኔራል ማሌቲ ጦር ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉንም ስለሚቀላቅል ነው ያነሳሁት።)

ስለዚህ ክፍለ ጦር ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ከረን ነው። በ1933 እንግሊዝ ከሱዳን ሲገባ 11ኛው ሬጅመንት በካሚዮን ተጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ገሰገሰ። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከረን ደርሰው ተራራው ላይ ተቆናጠጡ፣ ከህንድና ከእንግሊዝ ወታደር ጋር ሳምንታት ተፋለሙ፣ መጋቢት 18 ቀን ከረን ወደቀች። ጠላቶቻቸው እንኳን ጠንካራ ተዋጊ እንደነበሩ መስክረዋል። አልክድም፣ በደንብ ተዋግተዋል።

የእኔ ችግር ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ያለው ነው።

መንዝ ውስጥ ዘረት የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ ገደሉ ላይ አመፀኛ ዋሻ አለ። በ1931 የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ቁስለኞቻቸውን፣ ሽማግሌዎቻቸውን፣ ሴቶችና ሕፃናትን እዚያ አስጠልለው ነበር። ከነሱ ጋር የነበረው አርበኛ ተሾመ ሽንቁጥ ነው። ጣልያን ዋሻውን ከበበ። መትረየስና መድፍ አልበቃ ሲለው ከግራናቲዬሪ ዲ ሳቮያ የኬሚካል መቶ (አነስተኛ የጦር ቡድን) አስመጣ። አዎ፣ ከነዚያው ከኩሩዎቹ። መቶዋ የሰናፍጭ ጋዝ ወደ ዋሻው አፍ አወረደች፣ አርሲን የሚባል መርዝ ያለበት የመድፍ ጥይትም ተተኮሰ። መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን (በፈረንጅ) የጄኔቫ ስምምነት ጣልያን ራሷ ፈርማበታለች፤ እዚያ ገደል ላይ ማን ይጠይቃታል?

ተሾመ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከበባውን ሰብሮ አመለጠ። የቀሩት ወጥተው እጃቸውን ሰጡ፤ ከነሱም 800 ያህል ሰው ተረሸነ። ነገሩ ለብዙ ጊዜ የአካባቢው ሰው ብቻ የሚያውቀው ሆኖ ቆይቶ፣ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣልያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የራሳቸውን የጦር ሰነድ አገላብጦ በ1998 ዋሻው ድረስ ሲመጣ አጥንቱ እዚያው መሬት ላይ ነበር።

እኔ ያደግኩት ከዚህ ቦታ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ትምህርት ቤት አንድ መስመር አልተማርኩም። አድዋን በቃሌ እወጣዋለሁ፣ ዘረትን ግን ከኢንተርኔት አገኘሁት። ያናድዳል።

የዘረቱ ነገር የሆነበት ቀን ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ነው። አንድ ነገር ጠረጠርኩና አጎቴ ጋ ደወልኩ። ቄስ ናቸው፣ ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው ይቆጥራሉ።

"አባ፣ የ1931 ፋሲካ መቼ ዋለ?"

"ምነው ደግሞ የጥንቱን?" አሉና ዝም አሉ። ከዚያ ማጉረምረም ጀመሩ። "ወንበር 1... አበቅቴ 11... መጥቅዕ 19፣ ሐሙስ ይውላል... ነነዌ ጥር 22..." ትንሽ ቆዩ። "ሚያዝያ 1 ነው ልጄ። እሑድ። ለምን ፈለግከው?"